ሳላነብ የፈረምኩት ወረቀት

ጥቅምት 9

ለተከበሩ እማማ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ መኪናዎ እንዴት ናቸው? (የስፌቷን ማለቴ ነው።) እኛም በሰው አገር ደህና ነን።

እንኳን ደስ ያለዎ፣ አያት ሆነዋል! ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሴት ልጅ አገኘን። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ትመዝናለች። ጣቶቿ ረጃጅም ናቸው፣ ድምጿ ደግሞ ከምነዳው አውቶቡስ ጥሩምባ አይተናነስም። ጎረቤት እስካሁን ታግሦናል።

ስልክ ለጆሮዎ እንደማይሆን ስለማውቅ ነው በደብዳቤ ያበሰርኩዎ። እስከ ዛሬ የምትጽፍልዎ ልጅዎ ነበረች። አሁን እጇ ልጅ ስለያዘ ብዕሩ ወደ እኔ ዞሯል። ጽሕፈቴን ይታገሡልኝ፤ ትምህርት ቤት ከተውኩ ወዲህ እጄ የሚያውቀው መሪ ብቻ ነው።

እናትም ልጅም ደህና ናቸው። በጣም ደህና ናቸው።

አክባሪ አማችዎ፣ ሾፌሩ


ኅዳር 3

ለተከበሩ አማቼ፣

ሰላምና ጤና እንደ ጥሩ ካፖርት ከእግር እስከ ራስ ይሸፍናችሁ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ዓይኔ አሁንም ያለ መነጽር ክር ያስገባል።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የሰው ቀሚስ ጠርዝ እየዘመዘምኩ ነበር። አንብቤ ስመለስ መስመሩን አጣመምኩት። የቀሚሱ ባለቤት መጥታ «ምነው ይሄ ጠመመ?» ብትለኝ «አያት ሆኛለሁ» አልኳት። ምን ትበለኝ፣ ስማኝ ሄደች።

መቼም የእኛ ቤት ሴት ምጥ አትፈራም። እኔ ቁልፌን ስወልድ ጠዋት ጀምሮኝ ለምሳ ደርሻለሁ። በአሥረኛው ቀን መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። (ቁልፌ የምላት በልጅነቷ የልብስ ቁልፍ ቆርቆሮዬን ካልታቀፈች ስለማትተኛ ነው፣ ነግራዎት ይሆናል።) እሷም በእኔ ሳትወጣ አትቀርም። ስንት ሰዓት ፈጀባት? አጠገቧ ማን ነበር?

አንድ ነገር ግን ቅር አለኝ። ከደብዳቤዎ ግርጌ ሁለት መስመር እንኳ በእጇ የለበትም። ልጅ የያዘች ሴትም ብትሆን ሁለተኛ እጅ አላት።

ቀሚስ ልሰፋላት ነው። ደረቷን፣ ወገቧን፣ ዳሌዋን፣ ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ለክተው ይላኩልኝ። ሜትሩን አያጥብቁት፣ አንድ ጣት ይግባበት።

ያላያችሁትን ክፉ ሁሉ ያሳልፍላችሁ።

እናታችሁ


ታኅሣሥ 22

ለተከበሩ እማማ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። የሥራ ተራዬ ተቀያይሮ ነበር።

ልኩ ይኸው፦ ደረት ዘጠና ስምንት፣ ወገብ ሰማንያ ዘጠኝ፣ ዳሌ መቶ አራት፣ ቁመት መቶ ሠላሳ ሁለት። ወገቧን ስለካ አንድ ነገር አለች፣ እንዳለችው እጽፋለሁ። «ቀበቶ አይኑረው፣ ላስቲክም አይኑረው። ከእምብርቴ በታች ስፌት እንዳያርፍብኝ በልልኝ።»

ስንት ሰዓት ፈጀ ላሉት፣ ረጅም ነበር። አጠገቧ እኔ ነበርኩ።

ሚጢጢዋ ክትባቷን ተከትባለች። ልጅዎ ለክትባቱ የመረጠችው ግን ሩቅ ያለውን ጤና ጣቢያ ነው። የእኔ መስመር መጨረሻ ፌርማታው የወለደችበት ትልቁ ሆስፒታል በር ላይ ነው፤ በቀን ስድስት ጊዜ እዚያ አዞራለሁ። «በነፃ እወስድሻለሁ፣ ወንበርም እይዝልሻለሁ» ብላት እንኳ በኔ አውቶቡስ እዚያ አልሄድም ብላለች። እኔም በቀልድ አለፍኩት።

ደብዳቤዎን አንብባዋለች። ደስ ብሏታል።

አማችዎ


ጥር 10

ለአማቼ፣

ዛሬ ሰላምታውን አሳጥራለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ጨርቁን ዘርግቼ ልቆርጥ ስል መቀሴ ቆመ። አርባ ዓመት የሴት ገላ ለክቻለሁ። ከእምብርቴ በታች ስፌት አይረፍብኝ የምትል ሴት፣ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ስፌት ያላት ናት።

ልጄ በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው? ከሆነ ማን ደበቀኝ፣ እሷ ናት እርስዎ? ለምንስ?

ቀሚሱን ከደረቱ ጀምሬ ለቀቅ አድርጌ ሰፍቼዋለሁ። ወገቡ ላይ ምንም የለም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ።

እጠብቃለሁ።


መጋቢት 19

ለተከበሩ እማማ፣

ሰላምታዬን ለመቀበል ፈቃድዎ ከሆነ እነሆ።

ከሁለት ወር በላይ አስጠበቅኩዎ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። ቀሚሱ ደርሶናል፤ ልጅዎ ከለበሰችው ወዲህ ለማጠብ ካልሆነ አታወልቀውም።

አዎ፣ በኦፕራሲዮን ነው። የሆነውን ሁሉ ልንገርዎ።

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ገባን። እስከ ማክሰኞ ቀትር አማጠች። እኔ የዚህን አገር ቋንቋ የማውቀው በፌርማታ ልክ ነው። «ቲኬት»፣ «ወደ ኋላ ጠጋ በሉ»፣ «በሩ ሊዘጋ ነው»፣ በዚህ እንጀራዬን እበላለሁ። እሷ ደግሞ ከኔም ያነሰ ነው የምታውቀው። ስለዚህ የሚያናግሩት እኔን ነበር።

ከቀትር በኋላ አንድ ሐኪም ገባ። ቶሎ ቶሎ ያወራል። «ልጅ» ሲል ሰማሁ፣ «ልብ» ሲል ሰማሁ፣ «አሁን» ሲል ሰማሁ። ሌላው አመለጠኝ። ወረቀትና ብዕር ሰጠኝ። እማማ፣ ማስታገሻ ሊሰጧት መሰለኝ። ፈረምኩ። ቀና ስል አልጋው እየተንቀሳቀሰ ነው። «ወዴት ነው? ምን ላይ ነው የፈረምከው?» እያለች እጄን ያዘች። በሩ ተዘጋ።

በተኛችበት ክፍል አምስት ሴቶች ነበሩ። አራቱ በኦፕራሲዮን የወለዱ ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ እንደኛው ከሌላ አገር የመጡ። አራተኛዋ የአገሩ ተወላጅ ነበረች። እሷን ሐኪሙ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ስዕል እየሳለ፣ ለምን እንደተደረገላት ሲያስረዳት አየሁ። ወደ እኛ ሲመጣ አውራ ጣቱን አሳይቶን አለፈ።

ከዚያ ወዲህ ልጅዎ አልተጣላችኝም። ሻይ ታቀርብልኛለች፣ ደህና ዋልክ ትለኛለች። አንድ ቀን ብቻ፣ ጎረቤት «እንኳን ወለድሽ» ብላት ስትወጣ፣ ወደ እኔ ዞራ «እኔ አልወለድኩም። አንተ ፈረምክ፣ እነሱ አወጡ» አለችኝ። የእርስዎን ደብዳቤ አንብባ ደግሞ «ለምሳ ለደረሰች እናት ይሄን ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች። ደስ ብሏታል ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው።

ሊቆጡኝ መብትዎ ነው።

አማችዎ


ሚያዝያ 16

ልጄ ሆይ፣

ከዛሬ ጀምሮ አንተ ልልህ ነው። እንዲህ ያለውን ሐዘን ለእናቱ እንጂ ለአማቱ የሚጽፍ የለም። አንቱታው ይቅርብንና እንነጋገር።

ለምሳ ደረስኩ ያልኩት ውሸት ነው።

ከቁልፌ ሦስት ዓመት በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ። ሁለት ቀን ከግማሽ አማጥኩ። አዋላጇ መጨረሻ ላይ «ይሄ ያለ ኦፕራሲዮን አይወጣም» አለች። ኦፕራሲዮን የሚሠራበት ቦታ የሰባት ሰዓት መንገድ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ የጭነት መኪና ለምኖ አስቆመ። በጆንያ ላይ አስተኝተው ወሰዱኝ። ስንደርስ እኔን አተረፉኝ። እሱን በፎጣ ጠቅልለው አሳዩኝ። ሙሉ ሰው ነበር፣ ምንም አልጎደለውም። አገጩ የአባቱ ነው።

ቁልፌን ስጸንስ ወሩ ሲገባ ሄጄ ሆስፒታሉ አጠገብ ቤት ተከራየሁ። እሷም ብትሆን ጠዋት ጀምራ የመጣችው በማግሥቱ ነው። ታዲያ ሴት ልጅ አድጋ «እማዬ፣ ስትወልጂኝ እንዴት ነበር?» ስትል ምን ይባላል? እንዳትፈራ ብዬ ታሪኩን አሳጠርኩት፣ ጠርዙን አሳምሬ ሰፋሁት። ለካ ለሷ ጠቧት ኖሯል።

ለእኔ የሐኪም ቢላው በጊዜ ሳይደርስልኝ ቀረ፣ ለእሷ ሳይነግራት ደረሰ። የቱ ይከፋል ብለህ አትጠይቀኝ። እኔ የሞተ ልጅ የታቀፍኩ ሴት ነኝ፤ የእናንተይቱ ስትጮህ ጎረቤት መረበሹን ስሰማ ደስታዬ ወሰን የለውም። ይሄ ማለት ግን ልጄን መጠየቅ አልነበረባቸውም ማለት አይደለም። እኔ እንኳ የሰው ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት እጠይቃለሁ።

አንተም ይቅርታ ጠይቃት። «አላወቅኩም ነበር» ብለህ አትጀምር፣ እሱን እሷም ታውቀዋለች። «ባንቺ ገላ ላይ ፈረምኩ» ብለህ ጀምር። ከዚያ ዝም በል። ዝም ማለት ለወንድ ከባድ ነው፣ ግን ይለመዳል።

ይህን ደብዳቤ ስጣት። እንዳታነብላት፣ ራሷ ታንብበው።

የልባችሁን ቁስል ጊዜ ቶሎ ያድርቀው።

እናትህ


ሰኔ 30

ለውድ እናቴ፣

ሰላምታዬ በፍቅር ይድረስዎ። «አንተ» ቢሉኝ ደስ አለኝ፤ እኔ ግን አንቱታዬን አልተውም፣ አፌ አይታዘዘኝም።

ደብዳቤውን ሰጠኋት። ወጥ ቤት ቆማ አነበበችው፣ ደገመችው። ልጅቱን አዝላ ወጣች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሳ በር ላይ ሆና «ወንድም ነበረኝ?» አለች። ከዚያ አለቀሰች። ከወለደች ወዲህ ስታለቅስ ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

እርስዎ እንዳሉኝ ጀመርኩ። እንዳሉኝም ዝም አልኩ። እሷ ግን ዝም አላለችም። እሑድ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተናገረች፣ አንዳንዱ መራራ ነበር። ሲመሽ «ፋይሌን ማየት እፈልጋለሁ» አለች።

ሐሙስ ዕለት እረፍቴን ወስጄ፣ ባልደረባዬ በሚነዳው አውቶቡስ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄድን። ፀጉሯ የሸበተ አዋላጅ ተቀበለችን። በስልክ አስተርጓሚ አገናኘችን፣ ድምጿን እንጂ መልኳን የማናውቃት የአገራችን ሴት ናት። ፋይሉ ተነበበ። «እናትየዋ ተነግሯት ተስማምታለች» ይላል።

«ማን ነገረኝ?» አለች ልጅዎ።

አዋላጇ ወረቀቱን አገላበጠች። ከዚያ «ማንም አልነገረሽም» አለች።

«ግድ ነበር?»

«የልጅቱ የልብ ምት ሁለት ጊዜ ወርዶ ተመልሷል። አንዱ ሐኪም ትንሽ ይጠብቅ ነበር፣ ሌላው አይጠብቅም። ይህ ነው ብዬ ልዋሽሽ አልችልም።»

ከዚያ ያልጠየቅናትን ነገረችን። ሆስፒታላቸው በኦፕራሲዮን የሚወልዱትን በየዓመቱ ይቆጥራል። ከእኛ አካባቢ የመጡ ሴቶች ከአገሬው ተወላጆች ይልቅ በብዛት ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ። ከአንዳንድ ሌላ አገር የመጡት ደግሞ ከተወላጆቹም ያንሳሉ። «ስለዚህ 'ምክንያቱ ገላቸው ነው' የሚለኝን ሰው አላምነውም» አለች። «ጥቂቱ የጤና ነገር ነው። ጥቂቱ ዘግይቶ ከመምጣት ነው። ጥቂቱ ግን እኛ ሳንነግራችሁ ስለምንቸኩል ነው። የትኛው ስንት እንደሆነ ገና አላወቅንም። ያንቺን ግን አሁን እጽፈዋለሁ።» በእርግጥም ጻፈችው፣ ፋይሉ ላይ፣ ከታች፣ ቀን አድርጋ።

ስንወጣ ልጅዎ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ ባልደረባዬ በአውቶቡሱ መስታወት እያየኝ።

ከዚህ በታች ያለው የኔ ጽሕፈት አይደለም።

*እማዬ፣ ቀሚሱ ልክ ነው። ለምሳ ስለደረስሽበት አኩርፌ ነበር፣ አሁን ለቅቆኛል። ስለ ወንድሜ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ፣ ለኔ ለብቻዬ። ቁልፍሽ*


የካቲት 7፣ ከሁለት ዓመት በኋላ

ልጄ ሆይ፣

ብርታቱን አብዝቶ ይስጣችሁ።

ቁልፌ ደግማ መጽነሷን ራሷ ጽፋልኛለች። ለእሷ የመለስኩላት የጀግና መልስ ነው። ላንተ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቻለሁ። ሦስት ጨርቅ አበላሽቻለሁ።

ያቺ አዋላጅ አለች ወይ? አስተርጓሚዋስ ቀድማ ትያዛለች ወይ? ያለ ኦፕራሲዮን በራሴ ልሞክር ብላለች፤ መሞከሩ እንደማይጎዳት ሐኪሞቹ ተስማምተዋል ወይ? ተስማምተው ከሆነ አፌን እይዛለሁ።

ከዚህ በፊት ልክ ላክልኝ፣ ወሬ ላክልኝ ስል ኖሬአለሁ። አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ በዚያው ቀን ጻፍ። አታሳምረው። መልካምም ክፉም ቢሆን እንደወረደ ጻፈው።

እናትህ


ሰኔ 11

እናቴ፣

ሁለቱም ደህና ናቸው። ይህን የጻፍኩት በዚያው ቀን፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ነው። አሁን ሌላውን ልንገርዎ።

አዋላጇ ነበረች። ስልኩ ትራሷ አጠገብ ተቀመጠ፣ አስተርጓሚዋ ከጠዋት ጀምሮ አልተለየችም። ሐኪሟ ሴት ናት፤ የምትለውን ሁሉ ወደ ልጅዎ ዞራ ነው የምትለው። እኔ ብናገር እንኳ የሚሰማኝ አልነበረም፣ ደስ አለኝ።

ምጡ ሲበረታ አስተርጓሚዋ ከሥራዋ ወጥታ «አይዞሽ! አይዞሽ እህቴ!» አለች። ሐኪሟ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀች። አስተርጓሚዋ ትንሽ አሰበችና «ይሄ አይተረጎምም» አለቻት። በምጥ መሃል ልጅዎ ሳቀች።

ከሰዓት በኋላ ነገሩ ቆመ፣ አልገፋ አለ። ሐኪሟ ተቀመጠች። «ኦፕራሲዮን ብናደርግ ይሻላል ብዬ አስባለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ» አለች፣ ነገረቻትም። ልጅዎ ሰምታ ስትጨርስ «የልጄ ልብ አሁን እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀች። «ደህና ነው። ከተለወጠ ወዲያው እነግርሻለሁ።» «እንግዲያው አንድ ሰዓት ስጪኝ።» ሰጠቻት።

እማማ፣ ያቺን አንድ ሰዓት እንዴት ብዬ ልንገርዎ! ያላትን ሁሉ ሰጠች። ግድግዳ ይዛ ቆመች፣ ተንበረከከች፣ ትከሻዬን ነከሰች (ምልክቱ አለ)። ሰዓቱ ሲሞላ ላቧን ጠርጋ፣ ለኔ አይደለም፣ ለሐኪሟ «ሞከርኩ። አሁን አውጡልኝ» አለች። ወረቀቱ መጣ። አስተርጓሚዋ ከላይ እስከ ታች አነበበችላት። ልጅዎ ሁለት ቦታ አስቁማ ጠየቀች። ከዚያ በራሷ እጅ ፈረመች። እኔ ጫማዋን ይዤ ቆሜ ነበር።

ነቅታ ነው የወለደችው፣ እኔም ራስጌዋ ነበርኩ። ሴት ናት። ሕፃኗን ደረቷ ላይ ሲያስቀምጡላት ትልቅ ነገር ትናገራለች ብዬ ስጠብቅ «ራበኝ» አለች።

አሁን በልታ ተኝታለች። ከጎኗ የተኛችው ሴት ቋንቋችንን አታውቅም፣ እኛም የሷን አናውቅም፤ ግን ልጅዎ ከመተኛቷ በፊት የአስተርጓሚዋን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋ ሰጠቻት። ለሷም ቋንቋ ሰው አያጡም ብላ ነው።

ልጅዎ


ሐምሌ 20

ልጆቼ፣

የተወለደችውም የወለደችውም፣ ጫማ የያዘውም፣ ታላቂቱም፣ ሁላችሁም ዕድሜያችሁ ይርዘም።

ደብዳቤው ሲደርሰኝ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብቤ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። ቀሪውን ከሥራ በኋላ፣ እግሬን ዘርግቼ አነበብኩት። «ራበኝ» ያለችው ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ።

ጆሮዬን ልታይ ባለፈው ሐኪም ቤት ሄድኩ። ቁልፌ ስትጨቀጭቀኝ ስለኖረች ነው። ካርድ ክፍል ያለው ልጅ ፎርም ይሞላል፤ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የቀድሞ ሕመም እያለ ይጠይቃል። እንደማልሰማ ሲያውቅ ይጮህ ጀመር። ከኋላዬ የቆመው ሰልፍ በሩን አልፎ ወጥቷል፣ ሁሉም ይሰማል።

«እናቴ፣ ስንት ወልደዋል?» አለኝ።

ሠላሳ ዓመት ይህን ስጠየቅ አንድ ስል ነው የኖርኩት። አንድ ሲሉ ሌላ ጥያቄ አይከተልም።

«ሁለት» አልኩት።

አልሰማኝም መሰለኝ፣ ብዕሩን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። ደንቆሮ ሰው የራሱን ድምፅ አይመጥንም፤ ለካ እኔም እየጮህኩ ኖሯል።

«ሁለት!» አልኩ። «አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት። ወንዱ ታላቅ ነው።»

ጻፈው።

እናታችሁ